የማቴዎስ ዘመን ጭስ

ግንቦት ፪ ቀን፣ ዘመነ ማቴዎስ፣ ፸፫፻፶፫ ዓመተ ዓለም

የኔታ ሀብተማርያም ሲያርፉ ይህን ብራና አደራ ብለው ሰጥተውኛል። በረዶ በወረደ፣ ዝናብ በዘገየ፣ ውርጭ በመታ ቁጥር ቀኑን ከነወንጌላዊው ይጽፉበት ነበር። «በረዶ መላሽ ነህ፤ የምትመልሰውን ካላወቅኸው ምኑን ትመልሰዋለህ?» ይሉኝ ነበር። እርሳቸው በግዕዝ ይጽፉ ነበር። እኔም እንደዚያው ጀምሬ ነበር፤ ሲደክመኝ ግን አማርኛ ይቀለኛል። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ ይደክመኛል።

ትናንት ልደታ ነበር። ገና ጎህ ሲቀድ፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ፣ ጉርምርምታ ተሰማ። ቆየት ብሎ ደገመ። ሰው ሁሉ መድፍ ነው አለ። የንጉሡ ሠራዊት ደብረ ታቦር ስላለ እኔም መድፍ ነው አልኩ። ደብረ ታቦር ግን በምዕራባችን ነው። ድምፁ የመጣው በምሥራቅ ከጉና ተራራ ጀርባ ነው።

ቀን ዛፉ ሥር ንፍሮ ተበላ። ሸክላ ሠሪዋ የሺ እንደ ሁልጊዜው ራቅ ብላ ተቀመጠች፤ ድርሻዋን በራሷ ገበታ አደረሱላት። ባሏ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን ናት። የመንደሩ እንስራና ድስት ሁሉ የእሷ እጅ ሥራ ነው።

ግንቦት ፮፣ ሰኞ

ፀሐይ ስትወጣ በዓይን ትታያለች። አታቃጥልም። በጎመኑ ቅጠል ላይ አመድ የመሰለ ደቃቅ ነገር አድሮበታል፣ በጣት ሲነኩት ይሻክራል። ባለቤቴ እቴነሽ ያጠበችውን ነጠላ እንደገና አጠበች።

ጭቃ ሹም ሙላቴ ሃያ ያህል ሰው አስከትሎ መጣ። «ደብተራ፣ ይቺ ፀሐይ ምን ሆና ነው?» አለኝ። ሁሉም አፌን ይጠብቃል። ለሃያ ሁለት ዓመት ሰማይን በሚመለከት የሚጠየቀው እኔ ነኝ። ጭስ ነው አልኩ። ሌላ አልተናገርኩም።

የሺ ያን ሰዓት ሸክላ እየተኮሰች ነበር። ፊቴን ወደዚያ አዙሬ እንደሆነ አላስታውስም።

ግንቦት ፲፪፣ እሑድ

ደጀ ሰላም ቆሜ ከኋላዬ ሁለት ሰዎች ሲነጋገሩ ሰማሁ።

«የሺ ናት አሉ ፀሐይዋን በጭስ የጋረደቻት።»

«ማን አለ?»

«ደብተራው ራሱ ነዋ።»

እኔ እንዲህ አላልኩም። ጭስ አልኩ እንጂ የማን ጭስ እንደሆነ አልተናገርኩም። ዞሬ ላርማቸው ነበር፤ ቅዳሴ ሊገባ ሆነና ተውኩት። ከቅዳሴ በኋላ ደግሞ ሄደዋል።

ግንቦት ፲፱

እንስራችን ተሰበረ። እቴነሽ የሺ ዘንድ ሄዳ ባዶ እጇን ተመለሰች፤ አልተኮስኩም አለቻት። ውሃ በቅል እየቀዳች ነው። ፀሐይ ያው ገርጥታለች። ጉልበቴን ያመኛል።

ግንቦት ፳፮

ሽማግሌው ገበሬ እሸቴ ገብስ ሊዘራ ነውና ማሳውን እንድባርክለት ወደ ጉና ወሰደኝ። ማሳው ከመጨረሻዎቹ ነው፤ ከዚያ በላይ ጓሳ ሣርና የጅብራ ተክል ብቻ ነው ያለው። ጸሎቴን ከጨረስኩ በኋላ ጓሳው ውስጥ ድንጋይ ተደርድሮ አየሁ። አንዱ ከሌላው በላይ፣ ቁልቁለቱን አቋርጦ ይሄዳል።

«ይህ እርከን አይደል እንዴ?» አልኩ።

«እርከን ነው። የአያቴ አያት እዚያ ድረስ ያርሱ ነበር ይባላል። ከዚያ ብርዱ ወረደ፣ ገብሱም አብሮ ወረደ።»

«መቼ ነው የወረደው?»

«ማን ቆጠረው ደብተራ። ቀስ ብሎ ነው። ሽማግሌ ሆነው ድንገት ዞር ሲሉ ነው የሚያዩት።»

ይህን እጽፈዋለሁ አልኩት። «ተጽፎ ምን ያደርጋል» አለና ሳቀ። ስንወርድ የመንደራችን ጣሪያ ሁሉ ከታች ይታይ ነበር። የእቶን ጭስ በአንዱም በኩል አልነበረም። ያን ጊዜ ልብ አላልኩትም።

ሰኔ ፫

ቄሱ በስብከታቸው፣ «ዘመነ ማቴዎስ ነው፤ የማቴዎስ ጠባዩ ነው» አሉ። ሰው ይህን ይወዳል። ዘመኑ አራት ብቻ ከሆነ የሚመጣው ይታወቃላ።

የኔታን ብራና ገልጬ የማቴዎስን ዓመታት ፈለግሁ። የዛሬ አራት ዓመት ማቴዎስ ጎርፍ ነበር። የዛሬ ስምንት ዓመት ማቴዎስ ድርቅ ነበር። የዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት ማቴዎስ እንደ እሱ ያለ ጥጋብ አልታየም ይላል። ወንጌላውያን አራት ናቸው። የሰማይ ጠባይ ግን ከአራት ይበልጣል። ለቄሱ አልነገርኳቸውም፤ ክርክር አልችልም ዘንድሮ።

ሰኔ ፲፩

ወደ ኋላ እየገለጥኩ የዛሬ አርባ አምስት ዓመት ደረስኩ፤ ዘመነ ዮሐንስ፣ ፸፫፻፰። በግዕዝ ነው፤ ሲተረጎም እንዲህ ይላል፦ «ፀሐይ ገረጣች። በሰኔ ውርጭ መታ። ገብስ አልያዘም። ሰው ምክንያቱን ጠየቀን።» ከዚያ በኋላ አንድ ሙሉ መስመር ተፍቋል። የተፋቀበት ብራና ሳስቷል፣ ጣት ሲያልፍበት ይታወቃል። ከተፋቀው በታች፦ «ብርዱ ሁለት ዓመት ቆየ፤ በሦስተኛው ዓመት በራሱ ሄደ» ይላል።

በራሱ ሄደ። እንግዲህ ይህ ነገር ከዚህ በፊትም መጥቶ ያውቃል ማለት ነው። የሺ ያን ጊዜ አልተወለደችም። እኔ ሕፃን ነበርኩ፤ ሽማግሌዎቹም ሲያነሡት ሰምቼ አላውቅም።

የኔታ ያን ጊዜ የሠላሳ ዓመት ሰው ነበሩ፣ በረዶ መላሽም ነበሩ። በረጅም ዕድሜያቸው ሲፍቁ አይቻቸው አላውቅም። ከተሳሳቱ ከላይ ነጥብ አድርገው ያልፉ ነበር።

ሰኔ ፳፪

የጨው ነጋዴው ሞላ ወንዞች ሳይሞሉ ለመሻገር እየተጣደፈ እኛ ዘንድ አደረ። በቅሎዎቹ ከስተዋል። ራት ላይ፣ ከጨው አገር ከመጡ ሰዎች ሰማሁ ብሎ አወራን። በባሕሩ ዳርቻ አንድ ተራራ ተሰንጥቆ እሳት ተፋ፤ አመዱ ቀኑን አጨለመው፤ ግመልና ሰው አለቀ።

«መቼ ነው?» አልኩት።

«ለልደታ ሊነጋ ሲል ነው አሉ።»

እቴነሽ አየችኝ። እኔ ወደ እሳቱ ዞርኩ። ከዚያ እስከዚህ የስንት ቀን መንገድ ነው? አመድ ይህን ሁሉ ይሄዳል? የነጋዴ ወሬ ነው ብዬ ተኛሁ። ጎመኑ ላይ የነበረውን ግን በዚህ እጄ ነክቼዋለሁ።

ሐምሌ ፮

ዝናብ። ብርድ። ገብሱ ቢጫ ሆነ። ሕፃናት ያስላቸዋል።

የሙላቴ ወንድሞች የሺ ጭቃ ከምትቆፍርበት ቦታ ላይ እሾህ አጠሩ አሉ። ለሙላቴ እነግረዋለሁ።

ሐምሌ ፲፩

ለሙላቴ አልነገርኩትም። ዝናቡ አላስወጣኝም።

ሐምሌ ፲፱፣ ሐሙስ

በረዶ። እንደ ሽንብራ ጀምሮ የርግብ እንቁላል አከለ። ከላይኛው ማሳ እስከ ወንዙ ያለው ገብስ ተኛ። የእሸቴ ግማሹ፣ የሙላቴ ሙሉው።

ማሳው ጠርዝ ላይ ቆሜ ጸሎቴን እየደገምኩ ነበር። ራሴን ሁለት ቦታ ፈነከተኝ። ሃያ ሁለት ዓመት እንዲሁ ቆሜያለሁ። በረዶ ብዙ ጊዜ ጠባብ መንገድ ይዞ ነው የሚያልፈው። ወደ ጎረቤት መንደር ካለፈ ደብተራ ገብረየሱስ መለሰው ይባላል፤ በመከር ጊዜም ከየቤቱ አንዳንድ ቁና ገብስ ይመጣልኛል። የገብሱ እንጀራ ልጆች አሳድጓል፣ ልጆች ድሯል። እኔ መለስኩት ብዬ ከአፌ አውጥቼ አላውቅም። ሲሉኝ ግን አልከለከልኳቸውም።

ሐምሌ ፳

ሙላቴ መጣ። የቆሰለ ራሴን አይቶ አዘነ፤ በእውነት ነው ያዘነው። ክፉ ሰው አይደለም። ዘር እንኳ የሚተርፈው አይመስለኝም።

«ሰዉ በአንቱ ላይ ማጉረምረም ጀምሯል» አለኝ። «እኔ ግን አንቱን ለምን እንተዋለን እላለሁ። የጸሎትዎን መንገድ የዘጋው የሴትዮዋ ጭስ ነው። ለፍልሰታ ዕለት ደጀ ሰላም ስንሰበሰብ ይህችን ቃል ይበሉ። ጎጆዋን አፍርሰን ከአገር እናስወጣታለን። አንቱም በሥራዎ ይኖራሉ።»

«ክረምት ነው ሙላቴ። ወዴት ትሄዳለች?»

«ወደ መጣችበት።»

እዚሁ ነው የተወለደችው። እሱም ያውቃል። ዝም አልኩ። በእኛ አገር በእንዲህ ያለ ነገር ዝም ያለ ሰው እሺ እንዳለ ይቆጠራል፤ ሙላቴም እንደዚያ ቆጥሮት ደህና ይዋሉ ብሎ ሄደ።

ሐምሌ ፳፯

ጾሙ ሳይገባ ጾም ላይ ነን። እህል እየቆጠቡ ነው።

ራሴን እጠይቃለሁ። አንዲት ሴት ብትሄድና መንደሩ ቢረጋጋ? ወንዛዬ በኩል ዘመድ አላት ይባላል። ፍል ውሃው ዘንድ ሰው ስለማይጠፋ ሸክላ ይገዛታል። ምናልባት ይሻላት ይሆናል። ይህን ጽፌ አነበብኩት፤ የራሴን ፊት ማየት አስጠላኝ።

ነሐሴ ፫

እቴነሽ ከምንጭ ስትመለስ ተንሸራታ ቅሉ ተሰበረባት። ጭቃ በጭቃ ሆና ገብታ በሩ ዘንድ ተቀመጠች። የሙላቴን ነገር ያን ጊዜ ነገርኳት። የእግሯን ጭቃ ጠረገች።

«አንቱ፣» አለችኝ ኋላ፣ «እኔ ከግንቦት ጀምሮ ውሃ በቅል የምቀዳው ለምን ይመስልዎታል?»

«እንስራችን ተሰብሮ ነዋ።»

«እንስራው ተሰብሮ ለምን ሌላ አልገዛሁም?»

መልሱን እሷ አልነገረችኝም። ተነሥታ ልብሷን ልትለውጥ ገባች።

ብራናውን ገለጥኩ። ግንቦት ፲፱ ቀን፣ በገዛ እጄ፦ አልተኮስኩም አለቻት። ግንቦት ፳፮፦ የእቶን ጭስ በአንዱም በኩል አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ፀሐይ ገርጥታ የወጣችበትን ቀን አንድ በአንድ ቆጠርኩ። ያለ ጭስ ነው የገረጣችው። የኔታ ጻፍ ያሉኝ ለዚህ ነበር። እኔ ጽፌ አላነበብኩም።

ነሐሴ ፭

ዛሬ ትንሽ ብርሃን ስለነበር የዮሐንስን ዘመን ቅጠል ወደ ፀሐይ አነሣሁት። ከተፋቀው መስመር አንድ ቃል ተረፈ። ሲተረጎም «አሳደድነው» ይላል። ማንን እንደሆነ አይነበብም። ቀጣዩ መስመር ብርዱ ሁለት ዓመት ቆየ የሚለው ነው።

የኔታ፣ እግዚአብሔር ነፍስዎን ይማር። ለጠየቁዎት ሰዎች ምን ብለው መለሱላቸው?

ነሐሴ ፲

የሺ ቤት ሄድኩ። በሃያ ሁለት ዓመት የመጀመሪያዬ ነው። መተኮሻው ጉድጓድ ውሃ ቋጥሯል፣ ዳሩን ሣር በቅሎበታል። ደጃፏ ላይ ቆማ፣ «ሸክላ የለኝም ደብተራ» አለችኝ።

«ሸክላ አልፈልግም። እሳት ያጠፋሽው መቼ ነው?»

«የዳግማ ትንሣኤ ሳምንት ሲያልቅ። አንቱ ያሉትን በሰማሁ ማግስት። ካጠፋሁት ይተዉኛል ብዬ።»

«እኔ ስምሽን አልጠራሁም፣ የሺ።»

«ሲናገሩ ወዴት እያዩ ነበር?»

ዝናብ ጀመረ። ይግቡ አላለችኝም። ቆሜ ረጠብኩ። በመጨረሻ ወዳንቺ ነበር አልኳት። በልቤ እስከዛሬ አላስታውስም ስል የኖርኩት ነገር በአንድ ቃል ወጣ። ራሷን ነቀነቀች፤ አልተገረመችም።

ነሐሴ ፲፭

ነገ ነው። ድምፄ ይደርስ ይሆን? እቴነሽ ነጠላዬን አጥባ ምድጃው ዘንድ ሰቀለችው። ምን ልናገር እንደሆነ አልጠየቀችኝም።

ነሐሴ ፲፮፣ የፍልሰታ ዕለት

ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላም ሞላ። የሺ ከግንቡ ውጭ ቆማለች። ሙላቴ የበረዶውን ጉዳት ተናግሮ ሲያበቃ፣ «ደብተራ የሚሉት አላቸው» አለ።

ብራናውን ከደረቴ አውጥቼ አነበብኩላቸው። በመጀመሪያ የራሴን፦ የሺ አልተኮሰችም ያለችበትን ቀን፣ ፀሐይ ገርጥታ የወጣችባቸውን ቀኖች። ለማስታወስ የፈለገ ሰው ነበር፤ «እውነት ነው፣ እኛም እንስራ አጥተናል» አለች አንዲት ሴት ከኋላ። ቀጥዬ የዮሐንስን ዘመን አነበብኩ። የተፋቀው ጋ ስደርስ አልዘለልኩትም፤ «እዚህ ላይ አንድ ሰው አሳድደን ነበር፣ ብርዱ ግን አልሄደም» አልኩ። የጨው ነጋዴው ሞላ ያወራውንም ተናገርኩ። የተራራው አመድ ይሁን አይሁን ምዬ አልናገርም፤ ከየሺ እቶን ግን አይደለም አልኩ።

«እንግዲያ በግንቦት ጭስ ነው ያልከን ለምንድን ነው?» አለ አንዱ። ከዚያ ቀን በፊት አንተ ብሎኝ አያውቅም።

«አላውቅም ማለት አፈርኩ።»

ሽማግሌው እሸቴ ምርኩዙን ተደግፎ ተነሣ። ቀስ ብሎ ነው የጠየቀኝ፣ የሚያፍርልኝ እሱ እስኪመስል። «ደብተራ፣ በረዶውንስ? ይመልሱት የነበረው አንቱ ነበሩ?»

ይህ እንደሚመጣ አውቅ ነበር። ስለዚህ ነው ሦስት ወር ዝም ያልኩት፤ ሌላው ሁሉ ሰበብ ነው።

«አልነበርኩም» አልኩ። «ጸልዬ ነበር። ያልፍ የነበረው ግን በራሱ መንገድ ነው።»

ሙላቴ፣ «ሃያ ሁለት ዓመት!» አለና ተቀመጠ። አንዱ ሳቀ፣ አንዲቱ አለቀሰች። ከዚያ ሰዉ አንድ በአንድ ወጣ። ማንም ወደ የሺ ጎጆ አልሄደም።

ነሐሴ ፳፬

ሰላምታ የለም። የቤተ ክርስቲያኑ አገልግሎት አልተነካብኝም፤ ቄሱ ብቻ ዓይኔን አያዩም። የዘንድሮ ገብስ ቢተርፍም ወደ እኛ አይመጣም። እቴነሽን ምን እንበላለን አልኳት። «ሁለት ጥማድ መሬት አለን። እኔ አረም እነቅላለሁ፣ አንቱ ደግሞ ማረስ ይለማመዱ» አለችኝ። በሃምሳ ዓመቴ። ሁለታችንም ሳቅን፤ ከፋሲካ ወዲህ በቤታችን ሳቅ ሲሰማ ይህ የመጀመሪያው ነው።

ጳጉሜን ፫

ዝናቡ ሁለት ቀን አባርቶ ነበር። የሺ ዛሬ ተኮሰች። ጭሱ ቀጥ ብሎ ወጣ። ሰው ሁሉ፣ ሙላቴም ጭምር፣ ከየደጃፉ ወጥቶ ወደ ላይ አንጋጠጠ። ፀሐይ እንደ ትናንቱ ገርጥታ ነበር፤ አልባሰባትም፣ አልተሻላትም። ሰው ወደየቤቱ ተመለሰ።

መስከረም ፬፣ ዘመነ ማርቆስ፣ ፸፫፻፶፬

ገብሱ እምብዛም አልያዘም። ጠዋት ጠዋት ውርጭ አለ። የኔታ እንደጻፉት ከሆነ አንድ ዓመት ገና ይቀረናል። ይህንን ለሙላቴ ነገርኩት፤ ቆላ ዘመድ ያለው ሰው ከአሁኑ ዘር ይለምን አልኩት። ሰማኝ። አላመሰገነኝም፣ ሰማኝ ግን።

መስከረም ፲፱

መስቀል ካለፈ በኋላ፣ ወንዙ ሲጎድል፣ የሺ ሄደች። ማንም አላባረራትም። ዕቃዋን በአንድ አህያ ጭና ወደ ወንዛዬ። ጠዋት በደጃችን አልፋ አንድ አዲስ እንስራ ከአጥሩ ሥር አስቀመጠች። እቴነሽ ሮጣ ወጥታ ያዘቻት፤ «ተቀመጪ፣ ነገሩ አልፏል» አለቻት።

«ፀሐይዋ ትመለስ ይሆናል፤ ነገሩ ግን አላለፈም» አለች የሺ። «ያ ሁሉ ሰው ጭሴን ሲጠብቅ አየሁት እኮ።»

እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ይቅር በይኝ አልኳት። ያንን አልመለሰችልኝም። ይልቅ፣ «ያ የተፋቀው ሰው ስሙ ማን ነበር?» አለችኝ።

«አልታወቀም።»

«የኔን ይጻፉት እንግዲህ።»

አህያዋን ነዳች። ቁልቁለቱን እስክትጨርስ አየኋት። እንስራው ከባድ ነው፣ ደህና ተተኩሷል፤ በጣት ሲመቱት ይጮኻል።

ከዚያ ገብቼ ብራናውን ዘረጋሁ፣ መፋቂያዬንም ከማኅደሩ አወጣሁ። ግንቦት ፮ ላይ «ጭስ ነው አልኩ» የሚለው አንድ መስመር እንኳ አይሞላም። «ፊቴን ወደዚያ አዙሬ እንደሆነ አላስታውስም» የሚለው ከዚያ ትንሽ ይረዝማል። ሁለቱን ልፋቃቸው ብል እስከ ቀትር ያልቃል። የኔታን አሰብኳቸው። ምናልባት እርሳቸውም እንዲህ በደከማቸው ጠዋት ነበር የፋቁት። መፋቂያውን መለስኩትና በቀለም ጻፍኩ፦

በዚህ ዘመን ፀሐይ የገረጣችው ምክንያቱን በማናውቀው ነገር ነው። የሺ የምትባል ሸክላ ሠሪ በመንደራችን ነበረች። ጭስ አልነበራትም። ጭሱ የእኔ ቃል ነበር። ይህን መስመር የሚፍቅ እጅ ቢኖር፣ የእኔው እጅ ቢሆንም፣ ውጉዝ ይሁን።